የቃሪያው አሲድ የድሮ ስም

ሄክሱሮኒክ አሲድ። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ከፋብሪካ የወጣ፣ በጓንት የሚያዝ ነገር ይመስለዋል። ከሽሮው ጎን የምትቀመጠው ቃሪያ ውስጥ ግን ሞልቷል። ዛሬ ቫይታሚን ሲ የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1933 ድረስ በሳይንስ መጽሔቶች ላይ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር። ከዚያ ስሙ ቀረ። አሁን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቢገኝ እንኳ ስለ ታሪክ በሚያወራው አንቀጽ ውስጥ በአንድ መስመር ነው የሚታለፈው።

ስለዚህ የቀረ ስም ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ነው። አዲስ አበባ እዚህ ጋ ስትደርስ ታልቃለች። በአንድ በኩል የአዳማ የፍጥነት መንገድ ይጀምራል፣ በሌላ በኩል ደግሞ እርሻ ነው። ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ ቫይታሚን ሲ ነው። ጉንፋን የያዘው ይጠይቃል። ልጇ አልበላም ያላት እናት ትጠይቃለች። ፊቷ እንዲጠራ የምትፈልግ ወጣትም ትጠይቃለች። ስሙን የማያውቅ የለም። ነገሩ ቤታቸው ውስጥ የት እንዳለና መቼ እንደሚጠፋ ግን ስሙ አይነግራቸውም። የድሮው ስምማ ጭራሽ ምንም አይነግርም ነበር፣ ላገኘው ሰውዬ እንኳ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከድንች ነው። ድንች ልጣችሁ ውሃ ውስጥ ካልከተታችሁት ይጠቁራል። ሙዝም እንደዚሁ፣ አፕልም እንደዚሁ። ሎሚና ብርቱካን ግን ተቆርጠው ቢውሉም እንዲያ አይሆኑም። ይህን ማንም ወጥ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፣ ግን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ1920ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ግሮኒንገን በምትባል ከተማ፣ አልበርት ሴንት-ጆርጂ የተባለ ሃንጋሪያዊ ሐኪም ይህን ጥያቄ ይዞ ተቀመጠ። ከሚጠቁሩት ተክሎች በወጣው ንጥረ ነገር ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲያደርግበት ቀለሙ ወዲያው አይመጣም። ለአፍታ ይዘገያል፣ ከዚያ ይመጣል። ያቺን አፍታ ነው የተከታተላት። ጭማቂው ውስጥ ኦክስጅኑን ቀድሞ የሚቀበል፣ ሌላው እንዳይቃጠል ራሱ የሚቃጠል ነገር አለ ማለት ነው አለ።

ቀጥሎ ያሰበው ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። አዲሰን የሚባል በሽታ አለ። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ሥራቸውን ሲያቆሙ ይመጣል፣ የበሽተኛው ቆዳም እየጠቆረ ይሄዳል። ሰውዬው የድንቹን መጥቆርና የሰውን ቆዳ መጥቆር አንድ ላይ አደረጋቸው። ስለዚህ እጢውን መመርመር ጀመረ። የሁለቱ መጥቆር ምክንያት ለየቅል ነው፣ ይህ በኋላ ታወቀ። እጢው ውስጥ ግን የፈለገው ነገር በእርግጥም ነበረ። በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ ቦታ ደረሰ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ፣ ኬምብሪጅ ሄዶ ከእጢ፣ ከብርቱካንና ከጥቅል ጎመን አንድ ዓይነት ነጭ ክሪስታል አወጣ።

ፎርሙላው ስድስት ካርቦን፣ ስምንት ሃይድሮጅን፣ ስድስት ኦክስጅን ነው። የስኳር ዘመድ ይመስላል፣ ግን ይጎመዝዛል፣ አሲድ ነው። ምን እንደሆነ አላወቀም። በ1928 ጽሑፉን ወደ ባዮኬሚካል ጆርናል ሲልክ «ኢግኖዝ» ብሎ ስም አወጣለት። መጀመሪያው አላውቅም ከሚለው የላቲን ቃል፣ መጨረሻው ግሉኮዝና ፍሩክቶዝ ላይ ካለው የስኳር ቅጥያ የመጣ ነው። በእኛ አነጋገር «እንጃ» ብሎ ሰየመው ማለት ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ አርተር ሃርደን ይህ ስም አይሆንም አለው። ሰውዬው ሌላ ላከ፤ «ጎድኖዝ»፣ እግዜር ይወቀው። እሱም ተመለሰ። በመጨረሻ ሄክሱሮኒክ አሲድ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ሃርደን ራሱ ነው። ሄክስ ስድስት ነው፣ ለስድስቱ ካርቦን። ዩሮኒክ የሚባሉት ደግሞ ከስኳር የሚገኙ የአሲድ ቤተሰቦች ናቸው።

ይህን ሲያወሩ ሰዎች ይስቃሉ። ለእኔ ግን «እንጃ» ከሁሉም የተሻለው ስም ነበር። ያኔ የነበረውን እውቀት በትክክል የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ሄክሱሮኒክ አሲድ የተማረ ሰው ስም ይመስላል፣ ግን የያዘው ግምት ስህተት ነበር። እውነተኞቹ ዩሮኒክ አሲዶች ፎርሙላቸው ሌላ ነው፤ ስድስት ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጅን፣ ሰባት ኦክስጅን አላቸው። አሲድነታቸውም ካርቦክሲል ከሚባል የአቶሞች ስብስብ የሚመጣ ነው። ቫይታሚን ሲ ነፃ ካርቦክሲል የለውም። ሞለኪውሉ ራሱ ላይ ዞሮ ቀለበት ሠርቷል፣ አሲድነቱ የሚመጣው ጎን ለጎን ካሉ ሁለት የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንዶች ነው። ሎሚን ከመጥቆር፣ እኛን ከመድማት የሚያድኑት እነዚሁ ጥንዶች ናቸው። ሃይድሮጅናቸውን በቀላሉ ይሰጣሉ። ስሙ ይህን ሁሉ አይናገርም ነበር፤ ቤተሰቡንም በስህተት ነበር የሚጠራው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። ከ1928 በኋላ ያ ነጭ ዱቄት ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ስም አለው፣ ፎርሙላ አለው። በዚያው ጊዜ ሌሎች ሰዎች በሌላ ቤተ ሙከራ «ቫይታሚን ሲ» የሚባል፣ ማንም ዓይቶት የማያውቅ ነገር ይፈልጋሉ። ስከርቪ የሚባለውን በሽታ የሚከለክል ነገር እንዳለ ያውቃሉ፣ ግን በእጃቸው የለም። አንዱ ጋ ነገሩ አለ፣ ሥራው አይታወቅም። ሌላው ጋ ሥራው ይታወቃል፣ ነገሩ የለም። በመሃላቸው የቆሙት ሁለት ስሞች ናቸው።

ስከርቪን አንባቢ ሁሉ ላያውቀው ይችላል። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል። እግር ላይ የደም ነጠብጣብ ይወጣል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ የዳነ ቁስል ተመልሶ ይከፈታል። ሰውነታችን ጅማትንና ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ ስለሚያስፈልገው ነው። በመጨረሻ ይገድላል። በባሕር ጉዞ ዘመን ወራት ሙሉ ደረቅ ብስኩትና በጨው የተያዘ ሥጋ የሚበሉ መርከበኞችን ጨርሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ሳልዝበሪ በምትባል መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን ለሁለት ለሁለት ከፍሎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውሃ፣ ለሌላው በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ እያለ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው በስድስት ቀን ውስጥ ተነሡ። ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን በደንብ ሥራ ላይ ያዋለው ግን በ1795 ነው። ስንት ሰው በዚያ መሃል እንደሞተ ሳስብ ልቤ ይደማል። መድኃኒቱ ታውቆ፣ ተጽፎ፣ 48 ዓመት።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። ሴንት-ጆርጂ አሜሪካ ሄዶ ከቄራ በመጣ ብዙ እጢ 25 ግራም ያህል አወጣ። ግማሹን በርሚንግሃም ለሚገኘው ለኬሚስቱ ኖርማን ሃዎርዝ ላከለት፣ መዋቅሩን እንዲያውቅለት። አልበቃም፣ የተላከለት አለቀ። ከዚያ አገሩ ገብቶ ሴጌድ በምትባል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ1931 ጆሴፍ ስቪርበሊ የሚባል ወጣት ከአሜሪካ መጣ። ፒትስበርግ ውስጥ ቫይታሚን ሲን በሚፈልገው በቻርልስ ኪንግ ቤተ ሙከራ የሠራ ልጅ ነው፤ አንድ ነገር ቫይታሚን ሲ ይኑረው አይኑረው መለየት እንደሚችል ነገረው። ሴንት-ጆርጂ የቀረውን ሄክሱሮኒክ አሲድ ሰጠው።

ሙከራው ጊኒ ፒግ በምትባል፣ አይጥ በምትመስል ትንሽ እንስሳ ነው። ለምን ጊኒ ፒግ? በሬው፣ በጉ፣ ፍየሉ፣ ውሻው ቫይታሚን ሲን በራሳቸው ሰውነት ያመርታሉ። እኛ አናመርትም፣ ዝንጀሮም አታመርትም፣ ጊኒ ፒግም አታመርትም። ጊኒ ፒግ በስከርቪ እንደምትታመም በ1907 ሁለት የኖርዌይ ሰዎች፣ ሆልስትና ፍሮሊክ፣ ሳያስቡት ነው ያገኙት። ስቪርበሊ ለእንስሶቹ የተቀቀለ ምግብ ብቻ ሰጣቸው። ከፊሎቹ በቀን አንድ ሚሊግራም ሄክሱሮኒክ አሲድ ተጨመረላቸው። ያልተጨመረላቸው በስከርቪ አለቁ፣ የተጨመረላቸው ደህና ሆኑ። አንድ ሚሊግራም፣ በዓይን የማትሞላ ብናኝ። ዓለም ሲፈልገው የነበረው ነገር ያ መደርደሪያ ላይ ያለው ዱቄት ሆኖ ተገኘ። በ1932 ሚያዝያ ኪንግም እነ ሴንት-ጆርጂም በሁለት ሳምንት ልዩነት አሳተሙት፣ ማን ቀደመ በሚልም ለዓመታት ተናቆሩ። ያንን ንትርክ ልለፈው።

አሁን ቃሪያዋ ትመጣለች። ዱቄቱ ስላለቀ ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ ከብርቱካን ማውጣት በስኳሩ ምክንያት አስቸጋሪ ነው፣ እጢ ደግሞ ከየት ይመጣል። ሴጌድ ግን የፓፕሪካ አገር ነች። ፓፕሪካ የቃሪያና የበርበሬ ዘመድ ነው፣ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁሉም መነሻቸው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ሰውዬው ራሱ እንደተረከው አንድ ምሽት ሚስቱ ለራት ጥሬ ፓፕሪካ አቀረበችለት። መብላት አላሰኘውም፤ ይህን መርምሬው አላውቅም ብሎ ይዞት ወደ ቤተ ሙከራ ሄደ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ አወቀ፤ በአንድ ግራም ውስጥ ሁለት ሚሊግራም ያህል አለው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በግራም ይቆጠር የነበረው በኪሎ ሆነ። ለሃዎርዝ ላከ፣ ለጠየቀው ሁሉ አደለ። በ1933 ሃዎርዝና ባልደረባው ሂርስት መዋቅሩን አወቁ። ስሙም ያኔ ነው የተቀየረው። አስኮርቢክ አሲድ፣ ስከርቪን የሚከላከል አሲድ። በ1937 ሴንት-ጆርጂ የሕክምና፣ ሃዎርዝ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ሄክሱሮኒክ የሚለው ስም ግን ጨርሶ አልሞተም። ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ማርማላታ እንዲረጋ የሚያደርገው ፔክቲን የተሠራበት ጋላክቱሮኒክ አሲድ ዛሬም ሄክሱሮኒክ ይባላል፣ በትክክል። የቀረው የቫይታሚን ሲ ስም መሆኑ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው፣ ግን ሆዴ ውስጥ የገባው እዚህ ሰፈር መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። የበርበሬ ወቅት ሲደርስ የብሎኮቹ መሃል ቀይ ይሆናል። ሸራ ይነጠፋል፣ ዛላው ይሰጣል፣ ሴቶች ተሰብስበው ይቀነጥሳሉ፣ ይለቅማሉ። ማረቆ ነው ይላል ሻጩ፣ ሁልጊዜ ማረቆ ነው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው ይገባና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ያ ቀይ ዛላ ገና እርጥብ እያለ ከማንኛውም ብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ ነበረው። ፀሐይ ላይ ቀናት ሲውል፣ ሲደርቅ፣ ሲፈጭ፣ ማሰሮ ውስጥ ወራት ሲቀመጥ፣ በመጨረሻም ከሽንኩርት ጋር ሲቁላላ አብዛኛው ይጠፋል። በርበሬው ቀለም አለው፣ ጣዕም አለው፣ ከቀለሙ የሚገኝ ሌላ ጥቅምም አለው። ቫይታሚን ሲን ግን ከወጡ አትጠብቁ።

ጎመንም እንዲሁ ነው። ይከተፋል፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፣ ከዚያ ውሃው ተጨምቆ ይደፋል። ቫይታሚን ሲ በውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በሙቀት ይበላሻል፣ አየር ያገኘው ይቃጠላል። ጎመኑን ሳይከትፉ ማጠብ፣ በጥቂት ውሃ ከድኖ ቶሎ ማውጣት፣ ውሃውን አለመድፋት ብዙ ያተርፋል። ሶዳ የሚጨምር ሰው ካለ ይተው፣ ሶዳ ይጨርሰዋል። የመዳብ ዕቃም እንደዚያው። ለዚህ ነው የእንግሊዝ መርከቦች በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ላይም» ወደሚባለው አረንጓዴ ሎሚ ጭማቂ ሲዞሩ መከላከያቸው የከዳቸው፤ ላይሙ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፣ በመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍና ሲቀመጥ ደግሞ ባዶ ቀረ።

ጥሬ ቃሪያ ግን ሙሉ ናት። መቶ ግራም ውስጥ ወደ 240 ሚሊግራም ይደርሳል፣ እንደ ዝርያው ይለያያል። ብርቱካን በመቶ ግራም ወደ 53 ነው። አንዲት ሴት በቀን 75 ሚሊግራም፣ ወንድ 90 ይብቃው ይባላል፤ ስከርቪን ለመከላከል ብቻማ 10 ሚሊግራም ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ደህና ቃሪያ ከእንጀራው ጋር ከተበላች የቀኑን ትሸፍናለች። ስንጉም ያው ነው፣ ውስጡ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዞ፣ ሎሚ ከተጨመቀበትማ አያድርስ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ስም ሳያውቁለት ይበሉት ነበር። አሁን ስሙን እያወቅን፣ ቃሪያዋን ሳህኑ ጥግ ላይ ትተን፣ ኪኒኑን ከመድኃኒት ቤት እንገዛለን። ይህ ያናድደኛል፤ ሻጭ ሆኜም ያናድደኛል።

አንዲት እናት በቅርቡ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ።

«ዶክተርዬ፣ ለዚህ ልጅ ቫይታሚን ሲ ስጪኝ እስቲ።»

«ምን ሆነ፣ እማማ?»

«ምንም አልሆነ፤ ጎረቤቷ ለልጇ ትሰጣለች፣ ይጠነክራል ብላ።»

«ምን ይበላል ታዲያ?»

«ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሻይ። ቃሪያማ ያቃጥለዋል፣ ልጅ አይደል።»

ልክ ናቸው፣ ልጅ ቃሪያ አይበላም። ብርቱካን ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ዘይቱን እንዲገዙለት ነገርኳቸው። ዘይቱን በመቶ ግራም ከ200 ሚሊግራም በላይ አለው፣ ወቅቱ ሲሆን በየመንገዱ በጋሪ ይሸጣል፣ ልጆች ይወዱታል። ፓፓያ ወደ 60፣ ማንጎ ወደ 36፣ ቲማቲም ወደ 14 ነው። ድንችም ቢሆን ከነልጣጩ ከተቀቀለ ትንሽ አለው፤ አውሮፓን ከስከርቪ ያወጣት በከፊል ድንች ነው። እማማ ሰምተውኝ ሲያበቁ «ዘይቱን? እሱማ ግቢያችን ውስጥ ነበር እኮ» አሉ። አርሲ ያለውን የድሮ ቤታቸውን ማለታቸው ነው።

ጉንፋንንም ላንሳ፣ በየቀኑ ስለምጠየቅ። ቫይታሚን ሲ ጉንፋን እንዳይዘን አያደርግም። አዘውትሮ ለሚወስድ ሰው የሕመሙን ቀን በትንሹ ያሳጥራል፣ ለአዋቂ 8 በመቶ ያህል፣ ለልጅ 14 በመቶ ያህል። ማስነጠስ ከጀመሩ በኋላ ተሯሩጦ መግዛት ግን የረባ ለውጥ እንደማያመጣ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ታይቷል። ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። ቢላቸውም እነግራቸዋለሁ። የሎሚ ሻይ የሚወድ ይጠጣ፣ ሎሚውን ግን አብሮ አያፍላው። ሻዩ ወርዶ፣ ትንሽ በረድ ካለ በኋላ ይጭመቅበት።

ከጉንፋኑ ይልቅ ሰው ቢያውቀው የምመኘው ስለ ደም ማነስ ነው። የሽሮ፣ የምስርና የጤፍ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ በዚያው ማዕድ ላይ ካለ ብረቱን ሰውነት ሊቀበለው በሚችል መልኩ ያቆየዋል። ማለትም ቃሪያዋ፣ ሎሚዋ፣ ቲማቲሙ መበላት ያለባቸው ከሽሮው ጋር ነው፣ ሌላ ሰዓት አይደለም። ሻይና ቡና ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ይይዙታል፤ ከምግቡ ጋርና ወዲያው በኋላ ባይጠጡ ይሻላል። ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የብረት ኪኒን ይዘው ሲያልፉ እጠራቸዋለሁ። በሻይ ነው የምትውጪው? እላለሁ። ብዙዎቹ አዎ ይላሉ። በውሃ አድርጊው፣ ግማሽ ሎሚ ጨምቀሽበት፣ እላለሁ። ኪኒን ሳልሸጥ የማደርገው ሥራ ይህ ነው፣ እወደዋለሁ።

ስከርቪ የጥንት የመርከበኞች ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአገራችን ተሰደው ሶማሊያና ሱዳን ካምፕ ውስጥ የነበሩ ወገኖቻችን ላይ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቷል። ራሽን ይደርሳቸው ነበር። እህል፣ ዘይት፣ ጥራጥሬ። የሚያጠግብ ነገር ነበረ፣ ትኩስ ነገር ግን አልነበረም። ያኔ የቫይታሚን ሲ ኬሚስትሪ ከታወቀ 50 ዓመት ሆኖታል፣ ፋብሪካ በቶን ያመርተዋል። የሰው ሰውነት የሚያጠራቅመው አንድ ግራም ተኩል ቢሆን ነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ያንን ሳነብ ከሊንድ 48 ዓመት ጋር አያይዤ ነው የማየው። ነገሩን ማግኘት አንድ ሥራ ነው፣ ሰው አፍ ውስጥ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራ ሰው ኖቤል አይሸለምም፣ ግን ከሌለ የመጀመሪያው ምንም አይጠቅምም።

ስለ ኪኒኑ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር። የቫይታሚን ሲ ኪኒን የሚያስፈልገው ሰው አለ። ትኩስ ነገር ጨርሶ መብላት የማይችል፣ ሐኪም ያዘዘለት፣ በጣም የሚያጨስ። እነሱ ሲገዙ ብልቃጡን በደንብ እንዲከድኑ፣ መስኮት ላይ እንዳያስቀምጡ፣ ምድጃ አጠገብ እንዳያኖሩ እነግራቸዋለሁ። ነጭ የነበረው ኪኒን ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ ኦክስጅን አግኝቶታል፣ ይጣል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ይንገረኝ፤ ትርፉ ቫይታሚን በከፊል ጠጠር ወደሚሠራው ኦክሳሌት ስለሚቀየር በቀን አንድ ሺህ ሚሊግራም መዋጥ ለእሱ አይሆንም።